ቀልቡ የተገፈፈ ልጅ በኤምአርአይ ምን ይታያል?

ጥያቄውን ያመጣችልኝ አንዲት እናት ናት። ከአጣዬ ተፈናቅላ መጥታ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ልጇ አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከተማቸው በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በግጭት ስትቃጠል ገና አምስት አልሞላውም ነበር።

የቆርቆሮ በር በኃይል ሲዘጋ ልጁ አልጋ ሥር ይገባል። የባጃጅ ጎማ ከፈነዳ ይንቀጠቀጣል። ሌሊት ይባንናል፤ ብርድ ልብሱን ያረጥበዋል። ትምህርት ቤት ሄዶ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ “ሆዴን ቆረጠኝ” ብሎ ይመለሳል። እናቱ “ልጄ ቀልቡ ተገፏል” ትላለች። ክሊኒክ ወስዳው የትል መድኃኒት ተሰጥቶታል። ጻድቃኔ ማርያም ፀበል ሄደው ሰንብተው መጥተዋል። ያን ሰሞን ትንሽ ተረጋግቶላት ነበር። ቆይቶ ግን ተመለሰበት።

አሁን ደግሞ አንድ ዘመድ “አዲስ አበባ ወስደሽ ጭንቅላቱን በኤምአርአይ አስነሺው፤ ችግሩ እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል” አላት። ለዚህ ብላ የቀራትን የጆሮ ወርቅ ልትሸጥ ነው።

“ጋሼ፣ እውነት ይታያል?” አለችኝ።

ሥነ ልቦና ስላስተማርኩ ሰፈሩ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ወደ እኔ ይልካል። “እህቴ፣ ወርቅሽን አትሽጪ” አልኳት። መልሱ አጭር ነው። ጥያቄው ግን ትልቅ ነው። ምክንያቱም ዘመድየው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በዓለም ላይ የልጆችን ጭንቀት፣ ድብርትና ድንጋጤ በአንጎል ምስል የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። እንዲያውም ዛሬ ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ትልቁ፣ “የንግግር ሕክምና የልጅን አንጎል ይለውጣል ወይ?” የሚለው ነው። ያገኙት ነገር ለጠባሴው ልጅም ይጠቅማል። የሚጠቅመው ግን እናቱ ባሰበችው መንገድ አይደለም።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ሐኪም የሚያዝዘው የተለመደው ኤምአርአይ የአንጎልን መልክ ነው የሚያሳየው። እጢ ካለ፣ ደም ከፈሰሰ፣ ውኃ ከተጠራቀመ፣ በአደጋ የተጎዳ ቦታ ካለ ይታያል። ፍርሃት ግን አይታይበትም። የዚህ ልጅ አንጎል ቢነሳ የሚመጣው ወረቀት “ምንም ችግር የለም” የሚል መሆኑ አይቀርም። እኔን የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ወርቁ ተሽጦ፣ መንገዱ ተኬዶ፣ “ምንም የለበትም” ሲባል አንዳንዱ ሰው “እንግዲያውስ ሲያስመስል ነው” ይላል። ልጁም በፍርሃቱ ላይ ቁጣ ይጨመርበታል።

ሁለተኛው ዓይነት ለምርምር የሚውለው ነው። ኤፍኤምአርአይ ይሉታል። ማሽኑ ያው ኤምአርአይ ነው፤ የሚፈልገው ነገር ነው የሚለየው። የአንጎልን መልክ ሳይሆን ሥራውን ይከታተላል።

እንዴት? አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ከምንጠቀመው ኃይል ግን ወደ 20 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል። አንዱ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ኦክስጅን የያዘ ደም ወደዚያ ይጎርፋል። ኦክስጅን የያዘ ደምና ኦክስጅኑን የጨረሰ ደም ደግሞ በማግኔት ፊት አንድ ዓይነት አይደሉም። ሴይጂ ኦጋዋ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ ይህን ልዩነት በምስል መያዝ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1990 አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ያለ መርፌና ያለ ጨረር የሰውን አንጎል በሥራው ላይ ማየት ተቻለ። ለልጆች ጥናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ፔት የተባለው ዘዴ በደም ሥር ጨረር ያለው ንጥረ ነገር መስጠት ይጠይቅ ነበር። ለጤነኛ ልጅ ለምርምር ብሎ ያንን መስጠት ያስቸግራል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ማሽኑ ሐሳብን አያይም። ደምን ነው የሚያየው። ደሙ የሚደርሰው ደግሞ አንጎሉ ከሠራ ከአምስት፣ ስድስት ሰከንድ በኋላ ነው። በጋዜጣ የምናያቸው ቀይና ቢጫ ቦታዎች ፎቶ አይደሉም። በብዙ ስሌት የተገኘ ልዩነት በቀለም ሲሣል ነው።

እስቲ ልጁ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ አስቡት። ጠባብ ቱቦ ውስጥ በጀርባው ይተኛል። ማግኔቱ ብዙውን ጊዜ 3 ቴስላ ነው፤ ከመሬት ማግኔት 60,000 እጥፍ ያህል ማለት ነው። ድምፁ ቆርቆሮ እንደመደብደብ ነው። ጆሮው ላይ መከላከያ ይደረግለታል። ከፊቱ ባለች ትንሽ መስታወት በኩል ስክሪን ያያል። ስክሪኑ ላይ የተቆጣ ሰው ፊትና የተረጋጋ ሰው ፊት ጎን ለጎን ይመጣሉ። ከዚያ አንድ ምልክት ብቅ ይላል፤ ልጁ ቁልፍ ይጫናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጭንቅላቱን ማንቀሳቀስ የለበትም። ጥሩ ተመራማሪዎች ልጆቹን አስቀድመው በማስመሰያ ቱቦ ውስጥ ያለማምዷቸዋል። የበር ድምፅ የሚያስደነግጠውን የጠባሴውን ልጅ ያለ ልምምድ እዚያ ማስገባት ጭካኔ ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ንግግር አንጎልን ይለውጣል?

ለዚህ ጥያቄ ከመጀመሪያዎቹ መልሶች አንዱ የመጣው ከአዋቂዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሉዊስ ባክስተርና ባልደረቦቻቸው እጅ ደጋግሞ መታጠብ፣ በር ደጋግሞ ማረጋገጥ የመሰለ የማይለቅ ሐሳብ የሚያሠቃያቸውን ሰዎች በፔት አነሱ። ግማሾቹ ኪኒን ወሰዱ። ግማሾቹ ያለ ኪኒን በባሕርይ ሕክምና ብቻ ታከሙ። ከሁለቱም ወገን የተሻላቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ተመሳሳይ ለውጥ ታየ። በሁለት መንገድ ሄደው አንድ ቤት ደረሱ። ታካሚዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ሐሳቡ ግን ብዙ ሰው አነቃ። “ወሬ ብቻ ነው” ሲባል የነበረው ሕክምና ሥጋ ላይ ምልክት ሲተው ታየ።

በልጆች ላይ ከተሠሩት መካከል እኔን በጣም የነካኝ የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጡት ነው። 69 ልጆች ነበሩ። ሁሉም የጭንቀት ሕመም አለባቸው፤ አንዳቸውም መድኃኒት አይወስዱም። 12 ሳምንት ሲቢቲ በሚባለው የንግግር ሕክምና ታከሙ። ጭንቀት ከሌለባቸው ልጆችም ጋር ተነጻጸሩ።

ሲቢቲ ምንድን ነው? ከዘመድ ምክር ይለያል። “አይዞህ፣ አትፍራ” ማለት አይደለም። ልጁ መጀመሪያ የፍርሃቱን ምልክት ሰውነቱ ላይ መለየት ይማራል። ቀጥሎ በዚያች ቅጽበት ለራሱ ምን እንደሚል ይይዛል። ከዚያ የሚፈራውን ነገር ትንሽ በትንሽ ይቀርበዋል። በር የሚፈራ ልጅ ቢሆን መጀመሪያ ስለ በሩ ይሥላል። ቀጥሎ በሩ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ከሩቅ ይሰማል። ቀጥሎ ቀረብ ብሎ። ቀጥሎ ራሱ ይዘጋዋል። ከእያንዳንዱ ደረጃ ፍርሃቱ እስኪበርድ አይወርድም። ካልበረደ ግን ወደ ቀጣዩ አይገፋም። ቁልፉ ይህ ነው። ልጁ ፍርሃት ወጥቶ ወጥቶ እንደሚወርድ በገዛ ሰውነቱ ያውቃል።

ምስሉ ምን አሳየ? ከሕክምናው በፊት የተጨነቁት ልጆች አንጎል ብዙ ቦታ ላይ ከሌሎቹ ልጆች አንጎል በላይ ይሠራ ነበር። ከ12 ሳምንት በኋላ ጭንቀታቸው በደንብ ቀነሰ። ከግንባር ጀርባ ያለው የፊተኛው ክፍልና ትኩረትን የሚመራው የላይኛው ክፍልም ሥራቸው ቀነሰ፤ ጭንቀት ከሌለባቸው ልጆች ጋር እኩል ወይም ከዚያ በታች ሆነ። ነገር ግን ስምንት ቦታዎች ከፍ እንዳሉ ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ በቀኝ በኩል ያለው አሚግዳላ ነው። አሚግዳላ የለውዝ ፍሬ የምታክል፣ አደጋን ቶሎ የምታሸት ክፍል ናት።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የመንዝ ቤት ነው። ደጅ የታሰረ ውሻ አለ። ውሻው በጮኸ ቁጥር አባወራው ዱላውን ይዞ ይወጣል። ቅጠል ቢንኮሻኮሽም ይወጣል። እንቅልፍ የለውም፤ ጠዋት እርሻ ላይ ይደክማል። ከሕክምና በኋላ የሆነው እንዲህ ይመስለኛል። አባወራው በየጩኸቱ መውጣት ተወ። ውሻው ግን አሁንም ይጮሃል። ምሳሌው የእኔ ነው፤ አንጎል ከዚህ በላይ የተወሳሰበ ነገር ነው። ግን ለእናቶች ሳስረዳ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለወላጅ በጣም አስፈላጊ ነው። ልጁ ተሻለው ማለት ውሻው ሞተ ማለት አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ተኩስ ቢሰማና ልጁ እንደገና ቢደነግጥ፣ ሕክምናው ከሸፈ ብሎ ተስፋ መቁረጥ ስህተት ነው። አባወራው የተማረውን ማስታወስ ብቻ ሊበቃ ይችላል። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ከ12 ሳምንት የበለጠ ይፈልግ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ወደፊት ይህን የቀረውን ክፍል የሚነካ ሕክምና መፈለግ አለብን ያሉት ለዚህ ነው።

ሕክምናው መሥራቱን ለማወቅ ግን ምስል አላስፈለገም። ያ ቀድሞ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 488 የተጨነቁ ልጆችን በአራት ከፍሎ ነበር። በሲቢቲ ብቻ ከታከሙት 60 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 55 በመቶ፣ ሁለቱንም ካገኙት 81 በመቶ በደንብ ተሻላቸው። ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ግን 24 በመቶ ብቻ። እነዚህን ቁጥሮች ደግማችሁ እዩአቸው። ከሲቢቲ ቡድን 40 በመቶው አልተሻለውም ማለት ነው። የምስል ጥናት ሊመልስ የሚፈልገው ይህን ነው። የትኛው ልጅ በንግግር ይድናል? የትኛው መድኃኒት ይፈልጋል? ይህን አስቀድሞ ማወቅ ቢቻል ስንት ልጅ ከስንት ወር ሥቃይ በዳነ!

የምስሉ ድካም

እስካሁን ግን አልተቻለም። በቀና ልብ ብዙ ተስፋ የሚሰጡ ሰዎች ስላሉ ይህን በግልጽ ማለት አለብኝ።

አንደኛው ችግር እንቅስቃሴ ነው። ልጆች ይነቃነቃሉ። የተጨነቀ ልጅ ደግሞ ይብስበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ የወጡ ጥናቶች ሚሊሜትር የማይሞላ የራስ እንቅስቃሴ እንኳ ውጤቱን እንደሚያበላሽ አሳዩ። የአንጎል ክፍሎች የሚገናኙበት መንገድ ከዕድሜ ጋር ይለወጣል ተብሎ ከተጻፈው ከፊሉ፣ ትንንሾቹ ልጆች ከትልልቆቹ ይልቅ በመነቃነቃቸው የመጣ ሆኖ ተገኘ። አስቡት፤ ሕክምና የወሰደ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ሲነሳ ማሽኑን ለምዶታል። ረጋ ብሎ ይተኛል። ታዲያ በምስሉ ላይ የታየው ለውጥ የሕክምናው ነው ወይስ የመልመዱ? ጥንቃቄ ከሌለ ሁለቱ ይደባለቃሉ። በ2024ቱ ጥናትም ቢሆን ሁሉም የተጨነቁ ልጆች ሕክምናውን ነው ያገኙት። ያለ ሕክምና 12 ሳምንት የቆየ የተጨነቀ ልጅ ለማነጻጸሪያ አልነበረም። ስለዚህ ለውጡን ሁሉ ለንግግሩ መስጠት አይቻልም።

ሁለተኛው ስሌቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሞተ ዓሣ ማሽኑ ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ አሳዩት። ስሌቱ በግዴለሽነት ሲሠራ የሞተው ዓሣ አንጎል “ሲያስብ” ታየ። የፈለጉት ባልደረቦቻቸውን ለማስጠንቀቅ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦችን የሚያወዳድር ሰው እርማት ካላደረገ የሌለ ነገር ያገኛል።

ሦስተኛው ለእኛ ጥያቄ ዋናው ነው። አንድን ሰው ዛሬና ከሳምንታት በኋላ አንስተን ተመሳሳይ ውጤት እናገኛለን? እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ አንድ ጽሑፍ፣ ሰውን ሥራ እያሠሩ የሚነሱት የተለመዱት የኤፍኤምአርአይ ውጤቶች ለአንድ ግለሰብ ሲታዩ በዚህ በኩል ደካማ መሆናቸውን አሳየ። በ2022 ደግሞ ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ የሰዎችን የአንጎል ልዩነት ከባሕርያቸው ጋር በአስተማማኝ ሁኔታ ለማያያዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንደሚያስፈልጉ አስረዳ። የ69 ልጆች አማካይ ስለ ቡድን ይነግረናል። ስለ አንድ ልጅ ዕጣ ግን አይነግረንም።

ለዚህ ነው የአንጎል ምስል ዛሬ የልጅን ጭንቀት ወይም ድብርት ለመመርመር የማያገለግለው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም ለዚህ ዓላማ እንዲውል አይደግፍም። በውጭ አገር ግን ባለ ቀለም ምስል እያሳዩ ከወላጅ ብዙ ገንዘብ የሚቀበሉ ክሊኒኮች አሉ። ነገ ወደ እኛ አገር ቢመጡ አይደንቀኝም። ተስፋ የቆረጠ ወላጅ ባለበት ገበያ አለ።

ይህን ስል ማሽኑ ፈጽሞ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ልጅ የሚጥል በሽታ ካለው፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከነበረ፣ ጠዋት ጠዋት ራሱን እያመመው የሚያስመልሰው ከሆነ፣ አንድ ጎኑ ከደከመ፣ አካሄዱ ወይም ንግግሩ ከተለወጠ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። እዚያ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚለካው ኢኢጂም ኤምአርአይም ሕይወት ያድናሉ። በተለይ የሚጥል በሽታ በእኛ አገር እስከ ዛሬ የልክፍት ስም እየተሰጠው ስንቱ ልጅ እሳት ውስጥ ወድቋል።

የእኛ ልጆች የት አሉ?

አንድ ነገር ያሳዝነኛል። በዚህ ምርምር ውስጥ ያሉት አንጎሎች በአብዛኛው የአሜሪካና የአውሮፓ ልጆች ናቸው። ቤታቸው ሲቃጠል ያዩ፣ በሌሊት ከአጣዬ ወይም ከሸዋ ሮቢት በእግራቸው የወጡ ልጆች የሉበትም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ ጣርማ በር ላይ ያለው ሰው ልጆቹን አዝሎ ወጥቷል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ተኩስ ያልሰማ ወረዳ ማግኘት ከባድ ነው። ለእነዚህ ልጆች አደጋው ያለፈ ነገር አይደለም። ጭንቀት የሚባለው ነገር የሌለ አደጋን መፍራት ነው ብለን ከተማርነው ጋር ይጋጫል። ውሻው በውሸት ብቻ አይደለም የሚጮኸው፤ አንዳንዴ ጅቡ በእርግጥ ደጅ ላይ ነው። የንግግር ሕክምናው መጽሐፍም ይህን ታሳቢ ማድረግ አለበት። “አደጋ የለም” ብሎ ልጅን ማሳመን አይቻልም። “የትኛው ድምፅ የአደጋ ነው፣ የትኛው የበር ነው?” ብሎ እንዲለይ ማስተማር ግን ይቻላል።

ማሽኑን ወደ ገጠር ለማምጣት የሚጥሩ አሉ። ጋምቢያ ውስጥ ኬኔባ በምትባል መንደር ተመራማሪዎች ራስ ላይ በሚጠለቅ ቆብ፣ በብርሃን አማካይነት የሕፃናትን የአንጎል ደም ፍሰት አጥንተዋል። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ነው የሚለካው። በጎማ የሚገፋ፣ 0.064 ቴስላ ብቻ የሆነ ትንሽ ኤምአርአይም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቅዷል። እሱ ግን የአንጎልን መልክ እንጂ ሥራውን ለማጥናት ገና ነው። የቆቦቹም ችግር አላቸው። ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ብርሃኑን ያግደዋል። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ላይ ቆቡ በደንብ አይቀመጥም። መሣሪያው ሲሠራ እንዲህ ያለው ራስ አልታሰበም። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ማን ለጥናት እንደሚመረጥና ማን እንደሚቀር የምትወስነው እንዲህ ያለችው ነገር ናት።

ከሁሉም በላይ ለእኛ የሚቀርበን ግን ከሩማኒያ የመጣው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ቡካሬስት ውስጥ በሕፃናት ማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናት ተመዘገቡ። ግማሾቹ በዕጣ አሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጣቸው። ግማሾቹ በነበሩበት አሠራር ቀጠሉ። ተመራማሪዎቹ የአንጎላቸውን ኤሌክትሪክ በኢኢጂ ለዓመታት ለኩ። ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት ልጆች አንጎል በወላጆቻቸው እጅ ካደጉት ልጆች ጋር ይቀራረብ ነበር። ዘግይተው የገቡት ግን ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። እዚህ ላይ ኪኒን የለም፤ ቀጠሮ ያለው ሕክምናም የለም። ስታለቅስ የምታነሳህ አንዲት ሴት መኖሯ ነው መድኃኒቱ።

በመጠለያ ስላሉ ልጆች ሳስብ ይህ ጥናት አይለቀኝም። በመጠለያው ያለች እናት ራሷ ተሰብራለች። ለልጇ ድንጋጤ የምትሰጠው ትዕግሥት አልቋል። እሷን መደገፍ ልጁን ማከም ነው። ለልጁ ሕክምና ተብሎ የሚታሰብ ማንኛውም ነገር እናትየውን ከረሳ ግማሹን ጥሏል ባይ ነኝ።

ያለ ማሽን

ሕክምናውን ማን ይሰጣል? የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም እስኪመጣ ከጠበቅን ልጆቹ ያድጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከሰባት አንዱ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ይገምታል። ግማሽ ያህሉ ሕመም ደግሞ 18 ዓመት ሳይሞላ ይጀምራል። ለዚህ ሁሉ አማኑኤል ሆስፒታል በር ላይ ሰልፍ መያዝ መልስ አይሆንም።

ዛምቢያ ሌላ መንገድ አሳይታለች። ሉሳካ ውስጥ ከባድ ነገር የደረሰባቸው 257 ልጆች ለድንጋጤ ተብሎ የተዘጋጀ ሲቢቲ ተሰጥቷቸው ከተለመደው እርዳታ ጋር ተነጻጽሯል። ሕክምናውን የሰጡት ሐኪሞች አልነበሩም። ሥልጠናና ክትትል የተደረገላቸው ተራ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ በደንብ ተሻላቸው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። በ2020 ደግሞ በኬንያና በታንዛኒያ ወላጃቸውን ያጡ 640 ልጆች ላይ እንደዚሁ ተሞከረ። ውጤቱ በየቦታው እኩል ባይሆንም ተስፋ ሰጪ ነበር። አንዳቸውም ልጅ ኤምአርአይ ውስጥ አልገባም።

እኛ ዘንድ ይህን ሊማሩ የሚችሉ ሰዎች አሉ። ሳይካትሪ ነርሶች አሉ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ ትገባለች። መምህሩ ልጁን በየቀኑ ያየዋል። የነፍስ አባትም አሉ። ፀበሉን ማቆም አያስፈልግም፤ እምነት ያላት እናት ፀበል ስትሄድ ልጁም ያርፋል። የምለምነው አንድ ነገር ነው። መድኃኒት የታዘዘለት ልጅ መድኃኒቱን አያቁም፤ ልጅም አይታሰር፣ አይገረፍ።

ቋንቋው ላይም ሥራ አለ። ከውጭ የመጣው መጠይቅ ልጁን “ትጨነቃለህ?” ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ልጅ “አልጨነቅም” ይላል። ጭንቀት የአዋቂ ቃል ነው። “ሆድህ ይፈራል?” “ልብህ ድው ድው ይላል?” “ቀልብህ የት ነው የሚሄደው?” ብትሉት ግን ይነግራችኋል። ክሊኒኩ የትል መድኃኒት የሰጠው ልጁ ሆዴን አለ እንጂ ፈራሁ ስላላለ ነው። “ቀልቡ ተገፈፈ” የሚለው አባባል ለእኔ አላዋቂነት አይደለም። ድንጋጤ ትኩረትን ይወስዳል፣ እንቅልፍ ይወስዳል፣ ልጁን ካለበት ቦታ ያርቃል ማለት ነው። ሥልጠናው ከዚህ ቃል ቢነሳ እናቶቹ ቶሎ ይረዱታል።

የጠባሴዋ እናት ወርቋን አልሸጠችም። ልጁ ከአንዲት ሳይካትሪ ነርስ ጋር በየሳምንቱ ሐሙስ መገናኘት ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን አልተናገረም፤ በር ሣለ። በአራተኛው ሳምንት እናቱ በሩን ቀስ ብላ ስትዘጋ እሱ ሜዳው ላይ ቆሞ ይቆጥር ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እስኪበርድለት። በዘጠነኛው ሳምንት እኔም ባለሁበት ራሱ የቆርቆሮውን በር ይዞ በኃይል ወረወረው። ግቢው ሁሉ ተንጓጓ። ዞሮ እናቱን አየ። ከዚያ ሄዶ እንደገና ዘጋው።

ሌሊት ግን አሁንም አንዳንዴ ይባንናል። እናቱ ይህን ስትነግረኝ እንደ በፊቱ አላለቀሰችም። “ውሻው ነው፤ አውቀዋለሁ” አለችኝ። ቀጣዩ ቀጠሯቸው ሐሙስ ነው።